ከመስታወቱ ኋላ የምትስለው ሴት

በሀብትና በሥልጣን ከፍ ያላችሁ፣ በወረፋ የደከማችሁ፣ በአግዳሚ ወንበር ተደርድራችሁ የሰው ጉዳይ የምታደምጡ ሁሉ ይህን እወቁ። በቁጠባና ብድር ማኅበሩ የሁለተኛው መስኮት ሠራተኛ የሆነችው፣ ቁመቷ ከባንኮኒው ብዙም የማያልፍ፣ የጫማዋ ተረከዝ በአንድ ወገን የተበላ፣ ደመወዟ ወር ሞልቶ የማያውቅ ሴት፣ ከዛሬ ጀምሮ የአባላት ምስጢር ጠባቂ፣ የአጭበርባሪዎች ፀር፣ የማኅበሩ ግንብና አጥር ተብላ እንድትጠራ ተወስኗል። ውሳኔው የማኅበሩ አይደለም። ማኅበሩ የወሰነላት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ እሱም ቦታው ሲደርስ ይነገራል።

አባላቱ «እትዬ ኡሁ» ይሏታል። ስም አላት፤ ደረቷ ላይ በተንጠለጠለው ባጅ ላይ ታትሟል። ባጁ ግን ሁልጊዜ ተገልብጦ ጀርባውን ስለሚያሳይ ያነበበው የለም። ኡሁ ያሏት ስለምትስል ነው። የምትስለው ደግሞ ታማ አይደለም፤ ሥራዋ ሆኖ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከአንድ ሥልጠና ነው። አጭበርባሪ በዛ፣ የአባላት ሒሳብ እየተመነተፈ ነው ተብሎ፣ ውሃ በፕላስቲክ፣ ብስኩት በሳህን የቀረበበት ሥልጠና ተሰጠ። ብስኩቱ አለቀ፤ የተረፈው አንድ ውሳኔ ነበር፦ ለእያንዳንዱ አባል በየወሩ እየተደወለ ምስጢር ቁጥሩን ለማንም እንዳይናገር ይነገረው። ማንም የማይፈልገው ሥራ ሁሉ እንደሚሆነው፣ ይኼም ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከባለል ቆይቶ ሁለተኛው መስኮት ላይ አረፈ።

እሷም መደወል ጀመረች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከማኅበሩ ነው። ምስጢር ቁጥርዎን ለማንም እንዳይናገሩ ለማስታወስ ነው።»

«እኔ? ለማን ብዬ? ለባሌም አልነገርኩ።»

«ጥሩ ነው እናቴ።»

«ልጆቼም አያውቁትም። ይኸው እንዳለ አለ። ሁለት፣ ስምንት...»

አባል የተባለ ፍጡር እንዲህ ነው። አደራውን ጠብቆ ማቆየቱን ማሳየት ይፈልጋል፤ ጎበዝ መባል ያምረዋል። እንደ ልጅነቱ የቤት ሥራ ቁጥሩን በቃሉ ይወጣዋል። መጀመሪያ ላይ «ለእኔም አይንገሩኝ» ትል ነበር። ተቀየሟት። «አንቺም ሌባ ነሽ ማለት ነው?» ያላት አለ። «ድሮውንም አላመንሽኝም» ብሎ ከማኅበሩ ሊወጣ የተነሣ አለ። አንድ ቀን ግን እውነተኛ ጉንፋን ይዟት፣ አንድ ጡረተኛ ቁጥሩን ሊዘረግፍላት ሲል ሳል አጣደፋት። ሰውየው ቁጥሩን አቋረጠ። «አይዞሽ፣ ውሃ ጠጪ» ብሎ፣ ቁጥሩን ረስቶ ዘጋ። ሰው በሳል አይቀየምም።

ከዚያ ወዲህ ቁጥር በመጣ ቁጥር ትስላለች። አባሉ እስኪደነግጥ፣ እስኪያዝን፣ እስኪተው ድረስ ትስላለች። አንዱ ዝንጅብል ያዝላታል፣ አንዷ ማር ትልክላታለች፤ በር ላይ ያለው ዘበኛ ደግሞ ጠዋት ጠዋት «ዛሬም ራጅ አልተነሣሽም?» ይላታል። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ሲመጣም ስለ መንገዱ ያወራላታል፤ የአዲሱን ጎማ ልክ ቁጥር ሲጠራ ግን ሳሏ ይነሣል። «እኔ የምለው፣ ከዚህ ቤት ቁጥር መጥራት ክልክል ነው?» ይላታል። እሷ እግሯን ከፍ አድርጋ ትራስ ላይ እንደጫነች ዓይኗን አትገልጥም። በእሷ ቤት ሳሉ ልማድ ሆኗል፤ ልማድ ደግሞ ለደከመው ሰው አይታዘዝም።

አሁን ወደ መስታወቱ።

ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛ ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ ከጥበቃ ጋር ፍቅር ይዞት ነበር። በየመስኮቱ ላይ እንደ ጡብ የወፈረ መስታወት አስገጠመ። ድምፅ ያሳልፋል የተባለው ቀዳዳ ለረጅም ሰው ሆዱ ላይ፣ ለአጭር ሰው ግንባሩ ላይ ነው። አፉ ላይ የሆነለት አባል እስካሁን አልተገኘም። በመስታወቱ ላይ በትልልቅ ፊደል «የአባላትን ምስጢር በጥንቃቄ እንጠብቃለን» የሚል ተለጠፈ። እሱ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ ምስጢር በጩኸት ሆነ።

«ስልክ ቁጥርዎን።»

«ምን?»

«ስልክ።»

አባሉ ይጮኻል።

«የእናትዎን ስም። ለማረጋገጫ ነው።»

አባሉ የእናቱን ስም ከነአያቱ ይጮኻል። መቃብሯ ውስጥ ሆና የማትሰማ እናት ካለች ጆሮዋ የከበዳት ናት። ከመስታወቱ ወዲህ ደግሞ አግዳሚው ወንበር አለ፤ ተራ ጠባቂው ተሰልፎ ይቀመጥበታል፤ የሚያነበው የለው፣ የሚያየው የለው፣ ያዳምጣል። እትዬ ኡሁ ለሥራ አስኪያጁ ነግራዋለች። «ሰዉ ሁሉ ይሰማል» አለችው። «ይስማ እንጂ፣ እኛ የምንደብቀው ነገር የለንም» አላት። ግልጽነት የሚለውን ቃልም የያዘው ከሥልጠና ነው።

በዚያ አግዳሚ ላይ አንድ ጨዋ ሰው ይቀመጥ ነበር። ግራጫ ኮት፣ የታጠፈ ጋዜጣ። ተራው ደርሶ መስኮት ሲጠጋ ያየው ባይኖርም፣ አሮጊት በመጣች ቁጥር ብድግ ይላል። «ይቀመጡ እናቴ፣ አይቸኩሉ» ይላል። ዘበኛው እንደ ታቦት ነበር የሚያየው። «እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት አለ» ይል ነበር።

ከተነሣላቸው አሮጊቶች አንዷ የእትዬ ኡሁ አክስት ናት።

አክስትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። እናቷ የሞተችባትን የእህቷን ልጅ ያሳደገቻት በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ነው፤ ልጅቷ ያደገችውም ከመኪናዋ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ነው። እትዬ ኡሁ እስከ ዛሬ ስትደክም የምታስበው ያንን የመርገጫ ድምፅ ነው፤ ሌላ የልጅነት ዜማ የላትም። አሁን ግን መኪናዋ ዝም ብሏል። የአክስትየዋን አንድ ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ሌላውም ተራውን እየጠበቀ ነው። ሐኪሙ አንዱን ቶሎ ካልቀደድነው ሁለቱም ይሄዳሉ ብሏል። የቀዶ ጥገናውን ወጪ በማኅበሩ ውስጥ ስታጠራቅም ኖራ፣ ገና ሞላልኝ ያለችው በቅርቡ ነው። ይኼ ከሄደ ዓይኗ ሄደ። ሁለተኛ እንደዚያ የምታጠራቅምበት ዕድሜም፣ የምትሰፋበት ዓይንም የላትም።

ሴትየዋ ጥሩ ናት፤ አፏ ግን አያርፍም። ልታስቀምጥ በመጣች ቁጥር አግዳሚው ላይ ትቀመጥና ለጎረቤቷ ትናገራለች። «እዚያ ውስጥ ያለችው የእህቴ ልጅ ናት። በእነዚህ እጆቼ ነው ያሳደግኋት። ይኸው ስንት ዓመት፣ ዕድገት ነፈጓት። እሷ ደግሞ አፏን አትከፍት።» ከዚያ ተራዋ ይደርስና መስኮት ሄዳ የእናቷን ስም ትጮኻለች።

የዚያን ቀን ከምሳ በኋላ የእትዬ ኡሁ የግል ስልክ ጮኸ። አክስቷ ናት።

«እንኳን ደስ ያለሽ።»

«በምኑ?»

«ከኔም ትደብቂ? አለቃሽ ደወለልኝ እኮ። የጥበቃ ክፍል ኃላፊ ልትሆኚ ነው አሉ። እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው። የእናቴን ስም ጠርቶ ነው ያናገረኝ።»

እትዬ ኡሁ በእጇ የያዘችውን ማኅተም አስቀመጠች።

«ምን አለሽ ደግሞ?»

«ለኃላፊነት የሚታጭ ሰው ቤተሰቡ ታማኝ መሆኑ ይጣራል አለ። ስልኬ ላይ የማረጋገጫ ቁጥር ላከልኝ፤ እሱን ላነብለት ነው። መነጽሬን እስክፈልግ ልጠብቅ ብሎ ዘጋ፤ አሁን መልሶ ይደውላል።»

«አክስቴ፣ ስሚኝ። እንዳታነቢለት። ሌባ ነው።»

በወዲያኛው ጫፍ መሳቢያ ተከፍቶ ተዘጋ።

«ይኼንንም ብሏል» አለች አክስትየዋ።

«ምኑን?»

«ሌባ የልጅሽን ድምፅ አስመስሎ፣ እንዳታነቢ ይልሻል ብሏል።»

«አንቺ እኮ ነሽ የደወልሽልኝ።»

«መስመሩን ይጠልፉታል ብሏል።»

«አክስቴ።»

«አንቺም ራስሽ ነግረሽኛል። የዘመድ ድምፅ ቢሆንም በስልክ አትመኚ አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«እና አላምንሽም» አለችና ዘጋችው።

መልሳ ደወለች፤ አታነሣም። ደገመች፤ መስመሩ ተይዟል። ስንት ወር ሙሉ በጉሮሮዋ ያስተማረችውን ትምህርት አክስቷ አንድም ሳታጓድል ተምራዋለች፤ የቀረው ፈተናውን ማለፍ ነበር፣ እያለፈች ነው።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ሥራ አስኪያጁ ስለ ሦስተኛ ሥልጠና በስልክ እየተነጋገረ ነበር፤ በጣቱ ቆይ አላት። ቆየች። ሲጨርስ ነገረችው።

«ሒሳቧን ያግዱልኝ» አለችው።

«አባሏ በአካል ቀርባ ካልፈረመች አናግድም። ታውቂዋለሽ።»

«እስክትመጣ ያልቃል።»

«ደንቡ የወጣው እኮ ለአባሉ ደኅንነት ነው። ማንም ተነሥቶ የሰው ሒሳብ ቢያሳግድስ?»

«አባሏ አሁን ከሌባው ጋር ስልክ ላይ ናት።»

«እንግዲያው ስትጨርስ ትምጣ» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበት ደህና ነበር፤ በክፋት ላይ መጮኽ ይቻላል። እሱ ግን እንደ መስታወቱ ነው፤ ወፍራምና ንጹሕ።

«መስኮቱን ትተሽ ከሄድሽ በጽሑፍ እንደምጠይቅሽ ግን እወቂ» ብሎ ጨመረ።

«ለጊዜው ዝግ» የሚለውን ሰሌዳ መስኮቷ ላይ አቆመች። ወረፋው አጉረመረመ።

«ደግሞ የት ልትሄድ ነው?» አለ አንዱ።

«ደረቷ ነው፣ ተዋት» አለ ዘበኛው፤ በሩን ከፈተላት። «ጎሽ፣ ራጅ ተነሺ» አላት ስታልፍ።

ሮጠች ተብሎ ቢጻፍ ያምር ነበር። አልሮጠችም። ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ የዋለ እግር አይሮጥም፤ የሮጠች እየመሰላት ተራመደች። ታክሲው እስከ ድልድዩ ወሰዳት፤ ድልድዩ እየታደሰ ስለሆነ ረዳቱ «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ» አለ። ከዚያ በኋላ ዳገቱ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ደወለች፤ መስመሩ እንደተያዘ ነው። መንገድ ዳር አንዲት የሲሚንቶ ደፍ አየች፤ ጥላ ነበረባት። ትንሽ ብቀመጥስ አለች በልቧ። ምናልባት እስካሁን አንብባለት ይሆናል፤ አንብባለት ከሆነ መቸኮሉ ለምን፤ ካላነበበችለትም ነገ ሌላው ይደውልላታል፤ ከነገ ወዲያ ሌላው። እሷ አንድ ጉሮሮ ናት፤ እነሱ ብዙ አፍ። ደፉን ትክ ብላ አየችው። አልተቀመጠችም፤ ግን ለወግ ያህል እንኳ ጀግንነት አልተሰማትም። የሄደችው መመለሱም ያንኑ ያህል ስለሚያደክም ነው።

አክስትየዋ የምትኖረው በአሮጌ ፎቅ የመጨረሻ ወለል ላይ ነው። አሳንሰሩ ከተሠራ ጀምሮ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነው። ደረጃውን በመደገፊያው እየተጎተተች ወጣች። ሦስተኛው ወለል ላይ ትንፋሿ አለቀ፤ የቀረውን ያለ ትንፋሽ ወጣችው።

በሩ እንደወትሮው ገርበብ ብሏል፤ አክስትየዋ ብርሃን ከየትም ይምጣ ባይ ናት። በስፌት መኪናው አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር ቆማለች። ስልኩን ድምፁን ከፍታ ወደ ብርሃኑ ዘርግታዋለች፤ በሌላ እጇ አጉሊ መነጽር ይዛለች፤ በደህናው ዓይኗ ስክሪኑን እንደ መርፌ ቀዳዳ ትፈልገዋለች።

«ይቺ አራት ናት» ትላለች። «አራት። ቀጥሎ ያለችው ትጠፋብኛለች።»

«አይቸኩሉ እናቴ» አለ ስልኩ። «ቀስ ብለው።»

«አገኘኋት። ይቺ...»

እትዬ ኡሁ በሩ ላይ ቆማ አፏን ከፈተች። ብዙ ነገር ልትል ፈልጋ ነበር፤ አንዱም አልወጣም። ትንፋሽ የለም። ከደረቷ የወጣው ሳል ብቻ ነው፤ የዚያን ቀኑ ደግሞ የሥራ ሳል አልነበረም፤ ወገቧን አጥፎ ግድግዳ ያስያዛት እውነተኛ ሳል ነው።

የአክስትየዋ አፍ ተዘጋ።

አስባበት አይደለም። ወር በወር ከማኅበሩ ሲደወልላት፣ ቁጥር ልትጠራ አፏን ስትከፍት ያ ሳል ይመጣል፣ እሷም ትተዋለች፤ ጥርሷ ራሱ ለምዶታል። ስልኩን የያዘችው እጅ ወረደ።

«እናቴ?» አለ ስልኩ። «አራት ብለዋል። ከዚያስ?»

«ቆይ፣ ልጄ አስሏት ነው።»

«ይተዋት፣ እናቴ፤ ይቀጥሉ።»

አክስትየዋ ዞር ብላ በሩ ላይ የተጣጠፈችውን ሴት አየቻት፤ ጥላዋን እንጂ ፊቷን አላየችም። «አይሆንም» አለች ቀስ ብላ። «እሷ ስትስል ቁጥር አይጠራም።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አንተ ግን አለቃዋ ሆነህ ይኼን እንዴት አታውቅም?» አለችው።

ሰውየው እስከ መጨረሻው ጨዋ ነበር። «ይማራት» አለና ዘጋ።

እትዬ ኡሁ ጨርቁ ላይ፣ ከመኪናዋ ሥር፣ ድሮ የምትቀመጥበት ቦታ ተቀመጠች። እግሯ ወደ ውጭ ተርፏል። ስልኩን ተቀብላ መልእክቱን አጠፋች፤ አክስትየዋ በብርጭቆ ውሃ አመጣችላት፤ ግማሹ በመንገድ ፈሰሰ።

«አይቸኩሉ እናቴ ሲል ሰማሽው?» አለች እትዬ ኡሁ።

«ትሑት ነው ብዬሽ የለ።»

«አግዳሚው ላይ ቦታ የሚለቅልሽ ሰውዬ ነው።»

«ያ ባለ ኮት?» አክስትየዋ በጣም አዘነች፤ ገንዘቧ ቢሄድ ኖሮ ከምታዝነው በላይ። «እኔ እኮ ለሱ በዳርኩሽ ነበር ብዬ አስቤ አውቃለሁ፤ ባል ባይኖርሽ።» ብርጭቆውን እንደያዘች «እና ዕድገቱ ውሸት ነው?» አለች።

«ውሸት ነው።»

«ላንቺ ብዬ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ፣ አክስቴ። ውሃውን ስጪኝ።»

በማግስቱ ባለ ግራጫ ኮቱ አልመጣም። ዘበኛው «ምን ነካው ያ ጨዋ ሰው» እያለ ሲጨነቅ ዋለ። ሲነገረውም አላመነም። «ሌባ ቢሆን ኖሮ መች ይቆም ነበር ለአሮጊት» አለ። እትዬ ኡሁ ደግሞ ጠረጴዛዋ ላይ ደብዳቤ ተቀምጦ አገኘች፦ ያለ ፈቃድ የሥራ ቦታ ትቶ መሄድ፣ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ የግማሽ ቀን ደመወዝ ተቀናሽ። ፈረመች። መከራከርም ጉልበት ይጠይቃል።

ግን ፍርድ አለ በሰማይ፤ ወሬው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደረሰ። አሰበበት። ሪፖርት ጻፈበት። ሦስተኛው ሥልጠና የሚሰጥበት ርእስ አጥቶ ነበርና፣ ይኸው ርእስ ተገኘ። ውሃ በፕላስቲክ፣ ብስኩት በሳህን ቀረበ። የሁሉም መስኮት ሠራተኛ ተሰልፎ መሳል ተማረ፤ አንዳንዱ ከሆድ፣ አንዳንዱ ከጉሮሮ። እትዬ ኡሁ እንድታሠለጥን ተጠይቃ «ዛሬ ደህና ነኝ» ብላ ጥግ ተቀመጠች። ከሥልጠናው በኋላ በየመስታወቱ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ለማንም ግልጽ እንዲሆን በትልልቁ፦ «እውነተኛ የማኅበሩ ሠራተኛ ሲደውል ይስላል።»

ሙጫው ሳይደርቅ አንዲት አባል እያለቀሰች መስኮት መጣች።

«ደውሎ ነበር» አለች በቀዳዳው። «ሳለ። እንዴት እንደሳለ ብታይ። ደረቱ የሚሰነጠቅ ነው የመሰለኝ። ምስኪን፣ አንጀቴን በላው፤ ቶሎ ይረፍ ብዬ ቁጥሩን ነገርኩት።»

እትዬ ኡሁ ቅጹን አውጥታ ሞላችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትደውል አባላቱ «አንቺም ሳልሽ እንዴ» እያሉ ይዘጉባታል፤ ሳል ሲሰማ የዘጋ ዳነ፣ ያዘነ ተነጠቀ። ሳሏ ነበረች የቀረቻት መሣሪያ፤ እሷንም በሥልጠና ቀምተው በማስታወቂያ አከፋፈሉባት። መስታወቱ እንዳለ አለ። ቀዳዳውም እዚያው ነው። ባለ ኮቱ በቀረበት ቦታ አግዳሚው ላይ አንድ ባለ ሹራብ ተቀምጧል፤ እሱም ለአሮጊት ይነሣል አሉ፤ ዘበኛው ከወዲሁ ወዶታል።

አክስትየዋ የዓይኗን ቀን አስቆርጣለች። ገንዘቡን ልታወጣ በአካል መቅረብ አለባት፤ ደንብ ነው። በሳምንቱ መጀመሪያ ትመጣለች፤ ግድግዳውን እየዳሰሰች መስኮት ትጠጋለች፤ ቀዳዳውን በግንባሯ ትፈልጋለች፤ ከዚያ ስሟን፣ ስልኳን፣ የእናቷን ስም፣ የምታወጣውን ሁሉ፣ መንገደኛው እስኪሰማ ትጮኻለች። ከመስታወቱ ኋላ ያለችው ሴት ልትስል ትሞክራለች፤ ግን ማስታወቂያው እፊቷ ተለጥፏል፣ ሳሏንም የሚሰማው የለም።

አንተ አንባቢ ደግሞ ሒሳብ አለህ፤ ዕዳም አያጣህም። ያ አግዳሚ ላይ መቀመጥህ አይቀርም፤ ጆሮም፣ ሳንባም አለህ። የምለምንህ አንዲት ነገር ናት። ያቺ አሮጊት መስኮቱን ተደግፋ አፏን ስትከፍት፣ ጎረቤትህ ባለ ሹራቡም ጋዜጣውን አጥፎ ቀና ሲል ስታይ፣ አንተ እዚያው ተቀምጠህ፣ እባክህ...